በኪሮሽ ትንሽ ዓሣ ነባሪ አሻንጉሊት መሥራት፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የመጀመሪያ አሻንጉሊታቸውን ለመሥራት መንጠቆ ያነሡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሧቸው ናቸው። መልሶቹ በሙሉ የሚመለከቱት አንድ ሥራ ነው፤ እርሱም ርዝመቱ 10 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ዓሣ ነባሪ ነው።

ከባሕር እንስሳት ሁሉ ዓሣ ነባሪ የተመረጠው ለምንድን ነው?

ቅርጹ ለጀማሪ ስለሚያዝን ነው። ኦክቶፐስ ስምንት እግሮች አሉት፤ ስምንቱም እኩል ካልሆኑ ያስታውቃል፤ አምስተኛው ላይ ሲደርሱም መሰልቸት ይመጣል። የባሕር ኤሊ ደግሞ ራሱን፣ የድንጋይ ልብሱንና አራት እግሮቹን ለየብቻ ሠርቶ መግጠም ይጠይቃል። ዓሣ ነባሪ ግን አንድ ወፍራም አካል፣ ሁለት ክንፍና ለሁለት የተከፈለ ጅራት ብቻ ነው፤ ሆዱ ትንሽ ቢያብጥ ወይም አፍንጫው ትንሽ ቢሾል ማንም ስሕተት ነው አይለውም። ልጆቻችንም ባሕር ሳያዩ ያውቁታል፤ ዮናስን ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በሆዱ የያዘውን አንበሪ ያልሰማ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። አፉ የሚከፈት አንበሪ ሠርተው ትንሽ ዮናስ የሚያስገቡበት ሰዎች አሉ፤ ይህ ግን ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ሥራ ይቆይ።

ዳንቴል መሥራት እችላለሁ። ይህ ሥራ ከዳንቴል በምን ይለያል?

ዳንቴል የሚሠራ ሰው እጁ የመንገዱን ግማሽ ሄዷል። መንጠቆው ያው ነው፣ ክር አጠላለፉም ያው ነው፤ ኪሮሽ የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ልዩነቱ በዓላማው ላይ ነው። በሶፋ መደገፊያና በቴሌቪዥን ላይ ተነጥፎ የምናውቀው ዳንቴል ውበቱ ቀዳዳው ነው፤ ሠሪዋ የምትጠበብበትም ቀዳዳው የት ላይ ሰፍቶ የት ላይ እንደሚጠብ ነው። ለአሻንጉሊት ግን ቀዳዳ ጠላቱ ነው፤ በቀዳዳው የሞላንበት ጥጥ ብቅ ይላል፣ የልጅ ጣትም ገብቶ ያሰፋዋል። ስለዚህ ክሩ ይወፍራል፣ መንጠቆው ለክሩ ከሚመከረው ያንሳል፣ እጅም ይጠብቃል። የዳንቴል ባለሙያዎች በዚህ ሥራ መጀመሪያ ላይ የሚቸገሩት እጃቸው የለመደውን ልልነት መተው ስለሚያቅታቸው ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ቅርጹ የሚወጣበት መንገድ ነው። አሻንጉሊቱ እንደ ጨርቅ ተቆርጦ የሚሰፋ ሳይሆን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሳይቋረጥ እየዞረ የሚሠራ ስለሆነ፣ ሆድና አንገት የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። በስድስት ጥልፍ ጀምረው በየዙሩ ስድስት ስድስት ሲጨምሩ ሥራው እንደ ምጣድ ክዳን ተዘርግቶ ይሰፋል፤ መጨመሩን አቁመው በዚያው ቁጥር ሲዞሩ ጠርዙ ወደ ላይ ይቆምና ግድግዳ ይሆናል፤ በየዙሩ ስድስት ሲቀንሱ ደግሞ መልሶ ይዘጋል። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ሰው ከዓሣ ነባሪ ወደ ዶልፊን ለመሸጋገር ብዙ አይቸገርም። አሠራሩ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው አሚጉሩሚ በሚለው የጃፓንኛ ስሙ ነው።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

አንድ ባለ 50 ግራም ጥቅል ክር ለሁለት ዓሣ ነባሪ ይበቃል። ክሩ ለስላሳና ያልተንጨባረረ፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ለዓሣ ነባሪ ያምራል፣ ነገር ግን ጥልፎቹ ስለማይታዩ ጀማሪ መቁጠር ያቅተዋል። ጥጥ ክር ቅርጹን አጥብቆ ይይዛል፤ አክሪሊክ ደግሞ ርካሽና ለእጅ የሚመች ነው። ሁለቱም ይሆናሉ። ከዚህ ሌላ የ3 ሚሊሜትር መንጠቆ፣ ዐይኑ ሰፊና ጫፉ ደልደል ያለ የሱፍ መርፌ፣ መቀስ፣ የሚሞላ ፋይበርና የዙር መጀመሪያን የሚያመለክት አንድ ነገር ያስፈልጋል። ለምልክትነት የሚሸጡ ማያያዣዎች አሉ፤ የሌላ ቀለም ቁራጭ ክርም ያንኑ ሥራ ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ መርካቶ ክርና ቁልፍ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ሄዶ መፈለግ ይቻላል፤ የሚሞላው ፋይበር ቢጠፋ ከአሮጌ ትራስ የወጣ ንጹሕ ፋይበር ታጥቦ ያገለግላል።

የክሩ መጠቅለያ 4 ሚሊሜትር መንጠቆ ተጠቀሙ ይላል። እናንተ ለምን 3 ትላላችሁ?

መጠቅለያው የሚመክረው ሹራብና ሻርፕ ለሚሠራ ሰው ነው፤ እርሱ ጨርቁ እንዲለሰልስና እንዲወድቅለት ይፈልጋል። ለአሻንጉሊት ከተጻፈው ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ዝቅ ማለት የተለመደ ነው። መንጠቆው ወደ ጥልፉ አልገባ ብሎ ጣትዎን እስኪያምዎ ድረስ ከጠበቀ 3.5 ይሞክሩ። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች በመጠቅለያው ላይ የክሩን ውፍረት የሚያሳይ ከ0 እስከ 7 ያለ ቁጥር ያገኛሉ፤ ለዚህ ሥራ 3 ወይም 4 የተጻፈበት ይስማማል።

ነጠላ ጥልፍ የሚባለው እንዴት ይሠራል?

አሻንጉሊቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሠራው በዚህ አንድ ጥልፍ ነው። ሰዎች በተለያየ ስም ይጠሩታል፤ በዚህ ገጽ ነጠላ ጥልፍ እንለዋለን። የሥራውን ጠርዝ ከላይ ሲያዩት የተገለበጠ ‘ለ’ የሚመስሉ ጥንድ ክሮች ተሰልፈው ይታያሉ። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ጥልፍ ነው። መንጠቆውን ከሁለቱም ክሮች ሥር ያስገቡ፤ ክሩን በመንጠቆው ይዘው ወደ እርስዎ ይሳቡ፤ አሁን በመንጠቆው ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክሩን ይያዙና በሁለቱም ቀለበቶች ውስጥ አሳልፈው ያውጡት። አለቀ። ጭማሪ ማለት በአንዱ ጥንድ ውስጥ ይህንኑ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ቅናሽ ማለት ደግሞ ሁለቱን ጥልፍ አንድ ማድረግ ነው፤ በዚህ ጊዜ መንጠቆውን በሁለቱ ተከታታይ ጥልፎች የፊተኛ ክር ብቻ ካስገቡ፣ በሁለቱም አሳልፈው ክሩን ከሳቡና ጥልፉን እንደ ወትሮው ከጨረሱ፣ የተቀነሰበት ቦታ ከውጭ አይለይም።

ስድስቱ ጥልፎች የሚጀመሩበት የመጀመሪያው ቀለበት ሁልጊዜ ይፈታብኛል። ምን ላድርግ?

ብዙ ሰው ሥራውን የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ቀለበቱን መዝለል ይቻላል። ሁለት ሰንሰለት ይሥሩና (አንድ ሰንሰለት ማለት ክሩን ይዞ በመንጠቆው ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ነው) ከመንጠቆው ሲቆጠር በሁለተኛው ሰንሰለት ውስጥ ስድስት ነጠላ ጥልፍ ይክተቱ፤ መሐሉ ላይ የምትቀረው ትንሽ ቀዳዳ በመጨረሻ በክሩ ጭራ ትደፈናለች። ማጂክ ሪንግ የሚባለውን የሚሳብ ቀለበት መልመድ ከፈለጉ ደግሞ ሚስጥሩ የክሩ ጭራ ላይ ነው፦ ስድስቱም ጥልፎች የቀለበቱን ክርና ጭራውን አንድ ላይ ማቀፍ አለባቸው፤ ጭራውን ያላቀፈ ጥልፍ ካለ ሲስቡት ቀለበቱ አይዘጋም። ጭራውም ከ10 ሳንቲሜትር አይነስ።

የዓሣ ነባሪው ቁጥር እንዴት ነው?

አካሉ ከአፍንጫው ይጀምራል። 1ኛ ዙር 6 ጥልፍ ነው። በ2ኛው ዙር በእያንዳንዱ ላይ ይጨምሩና 12 ያድርጉት። በ3ኛው ዙር አንድ ሠርተው በቀጣዩ ላይ እየጨመሩ 18፣ በ4ኛው ሁለት ሠርተው እየጨመሩ 24፣ በ5ኛው ሦስት ሠርተው እየጨመሩ 30፣ በ6ኛው አራት ሠርተው እየጨመሩ 36 ይደርሳሉ። ከ7ኛው እስከ 12ኛው ዙር ያለ ጭማሪ በ36 ይዙሩ፤ ይህ ሆዱ ነው። በ13ኛው አራት ሠርተው ሁለቱን አንድ በማድረግ ወደ 30 ይውረዱና 14ኛውን በ30 ይዙሩ። በ15ኛው ወደ 24 ወርደው 16ኛውን በ24፣ በ17ኛው ወደ 18 ወርደው 18ኛውን በ18 ይዙሩ። በ19ኛው ወደ 12 ይውረዱ፣ 20ኛውንና 21ኛውን በ12 ይዙሩ፣ ሞልተው ሲጨርሱ በ22ኛው ዙር ወደ 6 አውርደው ይዝጉ። በየመሐሉ ያለቅናሽ የሚዞሩት ዙሮች ቅርጹ በቀስታ ወደ ጅራት እንዲሾል የተጨመሩ ናቸው፤ እነርሱ ከተዘለሉ የሚወጣው ኳስ ነው።

የጅራቱ ሁለት ቅጠሎች እያንዳንዳቸው በ6፣ 9፣ 12፣ 12፣ 9 እና 6 ጥልፍ ይሠራሉ፤ አይሞሉም። ሁለቱ ክንፎች ደግሞ በ6 ተጀምረው ወደ 9 ይጨምሩና ሁለት ዙር በ9 ይቀጥላሉ፤ ከዚያ ተደፍጥጠው ይሰፋሉ። አካሉ ብቻ 528 ጥልፍ፣ ከክንፍና ከጅራት ጋር 702 ጥልፍ ይሆናል። ቁጥሩ ሲሰማ ያስፈራል፤ ግን አንድ ጥልፍ ጥቂት ሰከንድ ነው።

የት ላይ እንዳለሁ ይጠፋኛል። ዙሩ የሚጀምረው የት ነው?

ሥራው እንደ ምንጭ ውኃ ሽክርክሪት ሳይቋረጥ ስለሚዞር መጀመሪያና መጨረሻው በዐይን አይለይም፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ዙር የመጀመሪያ ጥልፍ ላይ ምልክት ይሰኩና በየዙሩ ወደ ላይ ያንሡት። ዙሩን ሲጨርሱ ይቁጠሩ፤ አሥር ዙር ሠርቶ ከመቁጠር በየዙሩ መቁጠር ይቀላል። አንድ ጥልፍ ቢጎድል ወይም ቢተርፍ መፍታት አያስፈልግም፤ በቀጣዩ ዙር አንድ ጨምረው ወይም ቀንሰው ያስተካክሉት፤ ዓሣ ነባሪው ላይ አይታወቅም። ከሦስት በላይ ከተዛባ ግን ይፍቱት። ኪሮሽ ከሹራብ የሚሻልበት አንዱ ነገር ይህ ነው፦ መንጠቆው ላይ ያለው ቀለበት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የፈለጉት ዙር ድረስ ፈትተው መንጠቆውን መልሶ መክተት ነው።

እየሠራሁ ሳለ ሥራው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ተሳሳተው ጎን ይታጠፋል። ችግር አለው?

ችግሩ ቀላል ነው፤ በግራና በቀኝ ጣትዎ ይዘው እንደ ካልሲ ይገልብጡት። የውጭው ገጽ ጥንድ ክሮቹ ተሰልፈው የሚታዩበት ነው፤ የውስጡ ገጽ አግዳሚ ሰረዞች ይበዙበታል። ከ5ኛው ወይም ከ6ኛው ዙር ላይ ካልተገለበጠ በኋላ ሲሞላ ያስቸግራል።

ዐይኑን በምን ልሥራ? ለሕፃንስ ይሰጣልን?

ከኋላቸው ክብ ቀለበት በሚመስል ማቀፊያ የሚቆለፉ የፕላስቲክ ዐይኖች አሉ፤ ለዚህ መጠን 6 ወይም 8 ሚሊሜትር ይበቃል። ቦታቸው በ8ኛውና በ9ኛው ዙር መካከል፣ በጀርባ በኩል 20፣ በሆድ በኩል 16 ጥልፍ በመካከላቸው ቀርቶ ነው፤ ዐይን ዝቅ ሲል ፊቱ የሕፃን ፊት ይመስላል። የሚገቡትም 13ኛው ዙር ካለፈ በኋላ፣ ከመሞላቱ በፊት ነው። ማቀፊያው አንድ ጊዜ ከተቆለፈ አይወጣም። የመጀመሪያ ዓሣ ነባሪዬን ዐይኖች ሳልለካ ቆልፌ አንዱ ከሌላው በሁለት ዙር ዝቅ ብሎ ቀረ፤ በመቀስ ለማውጣት ስታገል ጥልፉን ቆርጬ ሥራውን ከሥሩ ፈታሁት። ከመቆለፍዎ በፊት በእጅዎ ዘርግተው ከፊት ለፊት ይዩት።

ተቀባዩ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ግን የፕላስቲክ ዐይንም ሆነ የሸሚዝ ቁልፍ አይጠቀሙ። ቆልፉ ቢጠነክርም ክሩ በጥርስ ሲታኘክ ይላላል፤ የወጣች ዐይን ደግሞ ጉሮሮ ትዘጋለች። በጥቁር ክር የተጠለፈች ዐይን ትበቃለች፤ እንደ እኔ ከሆነ ታምራለችም።

በዚሁ ጉዳይ ላይ ስለ ኦክቶፐሱ የሚጠይቁ አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ በጎ ፈቃደኞች ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ኦክቶፐስ በኪሮሽ መሥራት ጀመሩ፤ ሕፃኑ የእንስሳውን ተንጠልጣይ እግሮች ሲይዝ እትብት የያዘ ያህል ይረጋጋል የሚል ሐሳብ ነበረው። ሥራው ወደ ሌሎች አገሮችም ተስፋፋ። ክሩ ጥጥ እንዲሆን፣ በ60 ዲግሪ እንዲታጠብና እግሮቹ ተስበው ከ22 ሳንቲሜትር እንዳይበልጡ የሚል ጥብቅ ደንብ አለው። ለሕክምና የሚሰጠው ጥቅም በጥናት በጽኑ የተረጋገጠ ስላልሆነ፣ ሆስፒታሉን ሳይጠይቁ ሠርተው ይዘው መሄድ ተገቢ አይደለም።

ጥጥ መሙላት እችላለሁን? ምን ያህልስ ልሙላ?

የአገራችን ጥጥ በእጅ ተፈልቅቆ ሲሞላ መጀመሪያ ላይ ያምራል፤ ከታጠበ በኋላ ግን ይቋጠራል፣ ውኃም ይዞ ቶሎ አይደርቅም። ፋይበር ይሻላል። የጨርቅ ቁርጥራጭ ደግሞ ከውጭ እንደ ድንች እብጠት ይታያል። በትንሽ በትንሹ እየበታተኑ ይሙሉ፤ አፍንጫውን አስቀድመው በመንጠቆው ጀርባ ይጠቅጥቁት። ሲጫኑት ወደ ቦታው የሚመለስ ከሆነ በቂ ነው፤ ጥልፎቹ ተለጥጠው ነጭ ፋይበር መካከላቸው ከታየ ግን በዝቷል፣ አለዚያም መንጠቆው ሰፍቷል።

ጅራቱን እንዴት ልግጠመው?

ይህ ሥራውን ዓሣ ነባሪ ወይም ዓሣ የሚያደርገው ቦታ ነው። የዓሣ ጅራት ቁም ነው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ዓሣ ነባሪ ግን አጥቢ እንስሳ ስለሆነ ጅራቱ አግድም ተኝቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። ስለዚህ ሁለቱን ቅጠሎች እንደ ጠረጴዛ ገጽ አስተኝተው፣ ጫፎቻቸው ወደ ውጭ ተከፍተው ይስፉ። ከመስፋትዎ በፊት በመርፌ ቁልፍ አያይዘው በሁሉም አቅጣጫ ይመልከቱት። ክንፎቹ ከዐይኖቹ በታች፣ በ11ኛውና በ13ኛው ዙር መካከል ይሰፋሉ። ክሩን ሲቆርጡ ለመስፊያ 20 ሳንቲሜትር ያስቀሩ፤ በኋላ የሚያስቆጨው የክር ጭራ ማጠር ነው። የቀረውን ጭራ በመርፌ በሆዱ በኩል አሳልፈው በሌላ ጎን አውጥተው ይቁረጡት፤ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይጠፋል።

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መመሪያ ስከተል ቅርጹ የተበላሸው ለምንድን ነው?

በአሜሪካና በእንግሊዝ አንዱ ስም ሁለት ጥልፍ ይጠራበታል። አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼ የሚሉትን እንግሊዞች ደብል ክሮሼ ይሉታል፤ አሜሪካዊው ደብል ክሮሼ ደግሞ ረጅምና ክፍተቱ ሰፊ የሆነ ሌላ ጥልፍ ነው። የእንግሊዝን መመሪያ በአሜሪካ ትርጉም የሠራ ሰው ዓሣ ነባሪው ተንዘላዝሎ ወንፊት ይሆንበታል። መመሪያው ውስጥ ሲንግል ክሮሼ የሚል ካለ የአሜሪካ ነው፤ እንግሊዞች ይህን ስም አይጠቀሙም። በጀርመን የሚኖሩ ወገኖች ፌስተ ማሸ፣ በዐረብ አገሮች ያሉት ደግሞ ሐሽው የሚለውን ቢፈልጉ ያንኑ ነጠላ ጥልፍ ያገኛሉ።

ግራኝ ነኝ። ልሠራው እችላለሁን?

ይችላሉ። ሥራው ወደ ሌላው አቅጣጫ ይዞራል እንጂ ቁጥሩ አይለወጥም። ቪዲዮ ሲያዩ ምስሉን የሚገለብጥ ቅንብር ወይም መስታወት ይጠቀሙ።

እንዴት ይታጠባል?

ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና በእጅ ይጨመቅ፤ አይታሽ፣ አይጠምዘዝ። በፎጣ ጠቅልለው ውኃውን ይምጠጡና በጥላ ውስጥ ያድርቁት። የጨለመ ቀለም ያለው ክር ከሆነ በመጀመሪያ ቁራጩን በነጭ ጨርቅ ላይ አርጥበው ቀለም መልቀቁን ይፈትኑ።

ሠርቼ መሸጥ ብፈልግ ስንት ልበል?

ለጀማሪ ከሁለት እስከ ሦስት ምሽት ይፈጃል፤ እጅ ሲለምድ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ሱቅ ውስጥ ያለው የፋብሪካ አሻንጉሊት ርካሽ ስለሆነ ገዢ ከእርሱ ጋር ያነጻጽረዋል፤ ልዩነቱን መናገር የሻጩ ድርሻ ነው። የሹራብ ማሽን ዘመን አስቆጥሯል፤ ኪሮሽ ግን ዛሬም የሚሠራው በሰው እጅ ነው። የክሩን ዋጋ ብቻ አስልቶ የሚሸጥ ሰው ጉልበቱን በነጻ ይሰጣል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የምትኖሩ ደግሞ በእጅ የተሠራም ቢሆን ለሽያጭ የሚቀርብ አሻንጉሊት የሲኢ (CE) ምልክት፣ ማለትም ዕቃው የኅብረቱን ደንብ ማሟላቱን የሚያሳይ ምልክት፣ እንዲሁም ከምልክቱ ጋር የሚጠየቀው የደኅንነት ማረጋገጫ እንዲኖረው ሕጉ እንደሚያዝ አስቀድማችሁ እወቁ።

ሁለተኛው ዓሣ ነባሪ በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ክርና መንጠቆ ተሠርቶ ከመጀመሪያው ያነሰው ለምንድን ነው?

እጅዎ ስለጠበቀ ነው። ጀማሪ በመጀመሪያው ሥራ መሐል ላይ መንጠቆውን በደንብ መያዝ ይለምዳል፤ የመጀመሪያው ዓሣ ነባሪ ራሱ በአፍንጫው በኩል ላላ ብሎ በጅራቱ በኩል ጠበቅ ያለው ለዚህ ነው፤ አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጧቸው ይታያል። መንትያ እንዲሆኑ ከፈለጉ ሦስተኛውን ይሥሩና ከሁለተኛው ጋር ያጣምሩት፤ ሁለቱንም ክንፎች ደግሞ በአንድ ቀን፣ ሳይነሡ ይሥሯቸው፤ ዛሬ ተሠርቶ ሌላው ለሳምንት የቆየ ክንፍ ከወንድሙ ጋር አይመጣጠንም።